የምስክርነቱ ቀን ፎቶ

እኔ መምህር ለመሆን የተፈጠርኩ ሴት አይደለሁም። ትዕግሥት የለኝም፤ አንድ ነገር ደጋግመው ሲጠይቁኝ ድምፄ ከፍ ይላል፣ ከዚያ አልፎ ከመጣ ደግሞ መሳቅ እጀምራለሁ፤ እሱ ይብሳል። ሆኖም መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ በኮሙኒኬሽን ባለሙያነት እሠራ ስለነበር፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ማኅበራት ሥራቸውን በኢንተርኔት ለሕዝብ የሚያደርሱበትን መንገድ እንዳሠለጥን ተመደብኩ። የምንማረው ቅዳሜ ቅዳሜ መሪ ኮንዶሚኒየም፣ ነዋሪው ለለቅሶም ለሠርግም በሚጠቀምበት የጋራ ቤት ውስጥ ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ ለቅሶ ይቀድመንና ቤቱን ይወስድብናል። ያኔ ደረጃው ላይ ተደርድረን እንማራለን።

ዘመኑ ጎረቤት ከጎረቤቱ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ ቀበሌው ስብሰባ ሲፈልግ መኪና ላይ በጫነው ሞንታርቦ የሚለፍፍበት፣ ወጣቱ ደግሞ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ የሚውልበት ነበር። ተማሪዎቼ የኢንተርኔት ሥራ ማለት ያንን ሞንታርቦ ስልክ ውስጥ መክተት ይመስላቸዋል። የሪባን ቆረጣ ፎቶ ይለጥፉና ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ሲቀር ኔትወርኩን ይረግማሉ።

«ለማን ነው የምታወሩት?» እላቸዋለሁ።

«ለሕዝብ።»

«ሕዝብ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ስልኩን ስጡኝ።»

ይስቃሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ሪባን ይዘው ይመጣሉ። ለአንድ ሰው ጻፉ፣ ያ ሰው የት እንዳለ እወቁ፣ እውነቱን አሳጥራችሁ ንገሩት የሚለውን ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ለመክተት ያልሆንኩት የለም።

ከሁሉም ቶሎ የገባት አንዲት የካራ ልጅ ነበረች። ካራ ውስጥ በማኅበር በሚተዳደር አጸደ ሕፃናት ረዳት መምህርት ነች፤ ታክሲ እየቀያየረች ስለምትመጣ ሁልጊዜ አርፍዳ፣ ሁልጊዜ ይቅርታ እየጠየቀች ትገባለች። መጀመሪያ «እርስዎ» ስትለኝ «ገና አላረጀሁም፣ እቀየምሻለሁ» አልኳት። «እሺ ቲቸር» አለችኝ። ቲቸር መባልም አልወድም ነበር፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው ቲቸር እንዳለችኝ ቀረች። ሌሎቹ ስለ ማኅበራቸው ሲለፍፉ፣ እሷ አንድ ሕፃን የጫማውን ክር ለማሠር ሲታገል ፎቶ አንሥታ «ዛሬ ራሱ አሠረው» ብላ ጻፈች። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ያንን ፎቶ ተቀባበሉት። በዚያች ልጅ እኮራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታ ጥግ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወንበር ስትደረድርልኝ ቆይታ፣ «ቲቸር፣ ሰው ለመፈለግ የሚለጠፍ ፖስት እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ።

«ማን ጠፍቶ ነው?»

«ወንድሜ።»

ታላቅ ወንድሟ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ታሞ ተመለሰ። «ምኑን ነው የሚያመው?» ስላት እጇን ወደ ጭንቅላቷ አነሣችና መልሳ አወረደችው። እኔም ከዚያ አልገፋሁም። ፎቶ አምጪ አልኳት። ስልኳን ሰጠችኝ።

ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ከረባት ያሠረ፣ ማይክ የጨበጠ መልከ መልካም ወጣት ነው። ፈገግታው ፊቱን ሞልቶታል፣ ከኋላው የመዘምራን ልብስ የለበሱ ሰዎች ያጨበጭባሉ። የት እንደተነሣ ስጠይቃት «ቸርች ነው፣ ምስክርነት የሰጠ ቀን» አለችኝ። ቤተሰቦቿ ከደቡብ የመጡ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ እናቷ የቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን መሪ ነበሩ። በነሱ ዘንድ ከበሽታው የተፈወሰ ሰው ጉባኤው ፊት ቆሞ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፤ ምስክርነት የሚሉት ይህንን ነው። ለልጁ ጉባኤው ሁሉ ጾሞለት፣ ጸልዮለት፣ በመጨረሻ ሲሻለው ያንን ሱፍ ለብሶ «ድኛለሁ» ብሎ መሰከረ። እልልታው እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ አለችኝ።

«የቅርብ ጊዜ ፎቶ የለሽም?»

«እማዬ የፈቀደችው ይሄን ብቻ ነው።»

ፊቱ በደንብ ይታያል፣ ብርሃኑም ጥሩ ነበር። ተቀበልኩት። የጠፋው የት ነው ስላት «ካራ፣ ከቤት እንደወጣ» አለች። መቼ ስላት «ሰሞኑን» አለች። ሰሞኑን የሚባል ቀን የለም ብዬ ተቆጣኋት። ቀኑን ነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ግን ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። ጽሑፉን አብረን ሠራን፣ አሳጠርነው፣ ቁመቱንና የቀኝ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ጨመርንበት። ሰው ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩን በሚያይበት ሰዓት ለቀቅነው።

ፖስቱ ተሰራጨ ብል ያንሰዋል። በዚያ ሰሞን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስልክ ላይ ሳይቀር አየሁት። ሥሩ ላይ የተጻፈው ግን «አሜን»፣ «ጌታ ይርዳችሁ»፣ «እመ ብርሃን ታገናኛችሁ» ነው። አሜን የሚለው በዝቶ አየሁት የሚል ጠፋ። ቀስ በቀስ ስልክ መደወል ጀመረ። አንዱ ኮተቤ አየሁት ይላል፣ አንዷ ሲኤምሲ ባቡር ጣቢያው ሥር ቆሟል ትላለች፤ ሌላው ካርድ ካልላክሽልኝ ያለበትን አልናገርም ይላል። እኛ ደግሞ ለሁሉም እንሮጣለን። እኔ ከቢሮ «የመስክ ሥራ አለብኝ» እያልኩ እወጣለሁ፣ እሷ ሕፃናቱን ለባልደረባዋ ትታ ትመጣለች። ስንደርስ የምናገኘው ሁልጊዜ ሱፍ የለበሰ ሰው ነው። በዚያች ከተማ ያረጀ ሱፍ ለብሶ መንገድ ላይ የሚንገላታ ሰው ይህን ያህል መብዛቱን አላውቅም ነበር። አንዱ ለምን እንደቀረብነው ገብቶት ይሁን እንጃ፣ «እኔንም ፈልጉኝ» አለን። እሷ እጁን ይዛ አለቀሰች። እኔ ወደዚያ ዞሬ ቆምኩ።

ከሲኤምሲ እንዲህ ባዶ እጃችንን የተመለስንበት አንድ ቀን ዝናብ ያዘን። የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት ጃንጥላ ተጋርተን ቆመናል። ድንገት «ቲቸር፣ እኔ ውሸታም ነኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ወንድሜ የጠፋው ከካራ አይደለም። ከእንጦጦ ነው።»

ከዚያ እንባና ዝናብ እየተቀላቀለባት ነገረችኝ። በሽታው ከምስክርነቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶበታል። እናትየው ለጉባኤው «ሀዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ» ብለው ልጁን ቤት ውስጥ ደበቁት። ከልጅነቱ አብሮት ያደገ አንድ የጎረቤት ልጅ ነበር፣ ኦርቶዶክስ ነው። ልጁ ራሱ «ውሃው ቢያረጋጋኝ ውሰደኝ» ብሎ ለመነው፤ ያም እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወሰደው። እናትየው አውቀዋል፤ አውቀው ግን እንዳላወቁ ሆኑ። እህቱ በየሳምንቱ ምግብ ቋጥራ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ጸበልተኞች ወደሚያድሩበት የኪራይ ቤት ትሄድ ነበር። ጸጉሩና ጢሙ አድጓል፤ ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚውለው። ሱፍ የለም፣ ከረባት የለም። አንድ ቀን ምግቧን ይዛ ስትደርስ የቤቱ ባለቤት «ወጥቶ ሄደ፣ አልተመለሰም» አሏት። እሷም እንዳትታወቅ ሌላ ማንንም ሳትጠይቅ በዓይኗ ብቻ ፈልጋ አጣችው።

እኔ በዚህ ጊዜ ማዘን ነበረብኝ። ያላዘንኩት አላዝን ብዬ አይደለም፣ ንዴቱ ቀድሞብኝ ነው። እዚያው ሰልፉ መሃል ጮኽኩባት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ካራንና ሲኤምሲን ስናስስ የከረምነው ለጽድቅ ነው?» አልኳት። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን። አንድ አዛውንት «ተይ ልጄ፣ እህትሽን መንገድ ላይ አታስለቅሺያት» አሉኝ። እህቴ አይደለችም ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ጸበል ነበር ብለን ብንጽፍ የቸርች ሰው ያየዋል። ምስክርነቱ ውሸት ነበር ይላሉ። እማዬ ትሞታለች፣ ቲቸር።»

እናቷን ላነጋግር ካራ ሄድኩ። ጓሯቸው ውስጥ እንሰት ተክለዋል፤ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግድግዳው ላይ ጥቅስ ተሰቅሏል። እናትየው ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሻይ ቀዱልኝ፣ ስኳሩን አስጠግተው ሰጡኝ፤ ለምን እንደመጣሁ ግን አልጠየቁኝም። እኔ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅበትም።

«እናቴ፣ የጠፋበትን ቦታ ካልጻፍን ማንም ሊያገኘው አይችልም። እዚያ ያለ ሰው ነው ሊያየው የሚችለው። እዚያ ያለ ሰው ደግሞ የኛን ማስታወቂያ ሲያይ ካራ የሚል ነው የሚያነበው።»

«ያለበትን ጌታ ያውቀዋል።»

«ጌታ ፖስት አያነብም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እናትየው ግን አልተቆጡም። «ያነባል» አሉኝ ጸጥ ብለው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል።»

«ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራልም ይባላል፣ ልጄ።»

«ሆድ ባዶ ቢቀር ይሻላል ቤት ባዶ ከሚቀር።»

ሻዩን አማሰሉ፣ አልጠጡትም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «የጸለየለት አንድ ሰው አይደለም። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ የታመመባት፣ ተስፋ የቆረጠችው ሁሉ የልጄን ምስክርነት ሰምታ ነው ጉልበቷ የጸናው። እስከ ዛሬ ‹ያንቺን ልጅ ያዳነ የኔንም ያድናል› እያሉ እኔ ጋ እየመጡ ያለቅሳሉ። አልዳነም ብዬ ስናገር እነሱን ምን ልበላቸው? አንቺ ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«በይ ሻይሽን ጠጪ፣ ቀዘቀዘ።»

እኒያን ሴትዮ ልጠላቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። ነገሩ በኩራት ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ስንቱ ሰው የተደገፈባትን አንዲት ምሰሶ በገዛ እጃቸው እንዲነቅሏት ነበር የጠየቅኳቸው። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ፤ ልጅቷ በር ድረስ ሸኝታኝ «አንቺም አልቻልሻትም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ማስታወስ አልወድም። ስልኩ እየቀነሰ መጣ። ሰው ሌላ የጠፋ ሰው፣ ሌላ የታመመ ሕፃን፣ ሌላ የሚያሳዝን ነገር አገኘ፤ የኛ ፖስት ወደ ታች ወረደ። ለሌሎቹ ተማሪዎቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ተደራሽነት ሳወራ ቃሉ አፌ ውስጥ ይመረኝ ጀመር። በመጨረሻ ከአንድ ሆስፒታል ተደወለ፤ ማንነቱ ያልታወቀ የአንድ ወጣት አስከሬን አለ፣ መጥታችሁ እዩ የሚል ነው። እናትና ልጅ ሄዱ። እሱ አልነበረም። ልጅቷ እንደነገረችኝ እናትየው የዚያን የማያውቁትን ልጅ ፊት ቆመው ሲያዩት ቆዩ፤ ጸጉሩን ከግንባሩ ላይ መለስ አደረጉለት፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ጻፊው» አሏት። «ሁሉንም ጻፊው። እንጦጦም በይ።»

በማግሥቱ ቢሮዬ መጣች። ጽሑፉን ራሷ ጽፋ ጨርሳዋለች፤ አንድ ፊደል አልነካሁባትም። «ወንድሜ ታሟል። ብቻውን ያወራል፣ ሲጠሩት ላይመልስ ይችላል። ጸጉሩና ጢሙ አድጓል፣ ግራጫ ጋቢ ይለብሳል። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ነው። ሰው አይጎዳም። እባካችሁ አትፍሩት።» ይላል። ምግብ ይዛለት በሄደችበት በአንዱ ቀን ተደብቃ ያነሣችውንም ፎቶ ይዛ መጥታለች፤ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ዛፎቹ የሚያይ፣ ፊቱ የገረጣ ሰው። ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደዚያ አድርጎ የጻፈ ሰው አላየሁም።

ልትለጥፈው ስትል ኢንተርኔት የለም። አገሩ በታወከ በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ይዘጋ ነበር፤ ያን ቀንም ተዘጋ። የስልኬን ዳታ ሞከርኩ፣ የባልደረባዬን ሞከርኩ፣ የጥበቃውን ሳይቀር ሞከርኩ። የስክሪኑ ክብ እየዞረ ይቀራል። «ነገ ይከፈታል» አልኳት። አልተከፈተም። ከነገ ወዲያ ቢሮዬ ተመልሳ መጥታም ሞከርን፤ አልተከፈተም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰው ሳስተምረው የከረምኩት ሙያ ለካ አንድ ሰው ማብሪያውን ሲያጠፋው የሚጠፋ ነገር ኖሯል። ሳልደብቅ ልናገር፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስወጣ ልጅቷ የለችም። ትንሽ ቆይታ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት ታቅፋ መጣች። «ሰዉ እዚያ ነው ያለው አላልሽም እንዴ? እንሂድ» አለችኝ።

ታክሲ እስከሚያደርሰን ሄደን ከዚያ በእግር ወጣን። ሽቅብ ነው፤ እኔ የቢሮ ጫማ አድርጌያለሁ፣ እሷ ቀድማኝ ትሄዳለች። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ መንገድ እየለቀቅን፣ በየባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ወረቀቱን በሚስማር እየመታን ተጠጋን። ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ስንደርስ ጸበልተኞቹ ነጠላቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወረቀቱን አደልናቸው። ማንበብ ለማይችሉት ሌሎቹ ያነቡላቸዋል፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። እንዲህ አድርጎ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ራሱ የታመመ ሰው ሌላውን የታመመ ሰው አተኩሮ ያየዋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ማዶ፣ እህቱ ከምታውቀው የኪራይ ቤት በተቃራኒው አቅጣጫ፣ አንዲት ሴት ለጸበልተኞች ማደሪያ ታከራያለች። ወረቀቱን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ፣ ይሄማ የኛ ዝምተኛው ነው!»

ልጅቷ ክንዴን ጨበጠችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። «የት ነው? የት አለ?»

«እዚሁ ነበረ እኮ። ከወዲያኛው ቤት ጫጫታው በዛብኝ ብሎ ወደኛ መጥቶ፣ እዚህች ጥግ ነበር የሚተኛው። ጧት ጧት ይጠመቃል፣ ከማንም ጋር አይነካካም።»

ያን ሁሉ ጊዜ እኛ ሲኤምሲ ባቡር ሥር ስንንከራተት፣ እሱ እዚያው ተራራ ላይ፣ ከቀድሞ ማደሪያው አንድ ሰፈር እንኳ ሳይርቅ ነበር። «አሁንስ?» አልኳት።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። «አሁንማ ሄዷል። ያ ፎቶ ከመጣ ወዲህ ነው የሄደው።»

«የትኛው ፎቶ?»

«ያ በስልክ የዞረው፣ ሱፍ ለብሶ ማይክ የያዘው። እዚህ ካሉት ጸበልተኞች አንዱ ስልኩ ላይ አገኘውና፣ ዓይኑ የዝምተኛውን አይመስልም? አለን። ካራ ስለሚል መመሳሰል ነው አልን። ለነገሩ ራሱን እንጠይቀው ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። ተቀብሎ ብዙ አየው። አንተ ነህ እንዴ? ስለው፣ ‹አይ፣ ይሄ የዳነው ነው። የሚፈልጉት እሱን ነው› አለኝ። ስልኩን መለሰልኝ። ጧት ስንነሣ የለም።»

ልጅቷ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዛቸውን ታስተካክላለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የኔ ሙያ መልእክት ለሚመለከተው ሰው ማድረስ ነው፤ መልእክታችን ደግሞ ደርሶ ነበር። ከተማው ሁሉ አሜን ብሎ ሲያልፈው የሚመለከተው ሰው በእጁ ይዞ አንብቦታል፣ ምን እንደሚልም በትክክል ገብቶታል። የሚፈለገው ሱፍ የለበሰው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ደረቴን አልደቃም፣ የእናትየው ነው ብዬም አልፈርድም። ግን ከዚያ ወዲህ ሰው «ፖስቴ ሰው ጋ ደርሶልኛል» ሲለኝ «ማን ጋ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እስኪመሽ ጫካውን ዞርን፤ ያየው አልተገኘም። ቤታቸው ስትደርስ ለእናቷ የሆነውን ቃል በቃል ነገረቻቸው። «ሰምታ ጓዳ ገባች» አለችኝ በስልክ። በማግሥቱ ጧት ደግማ ደወለች። እናቷ ቤት የሉም፤ ቸርችም የሉም። ነጠላ ጫማቸውን አድርገው፣ ምንም ሳይዙ ወጥተዋል። ሁለታችንም ወዴት እንደሄዱ ገባን።

ልጁ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኢንተርኔቱ ሲከፈት አዲሱን ፖስት ለጠፍነው፣ ደግመን ደጋግመን ለጠፍነው፤ ሥልጠናውም አለቀ፣ እኔም ያንን ሥራ ለቀቅኩ። እናትየው ምንም ሳይዙ በወጡበት ጧት ግን ከልጅቷ ጋር ሽቅብ ስንወጣ ከሩቅ አየናቸው። ወደ ጸበሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመዋል። ሕይወታቸውን ሙሉ ደጁን ረግጠውት በማያውቁት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የሚያልፈውን ሁሉ፣ እንጨት ተሸካሚዋንም፣ ካህኑንም፣ በሽተኛውንም እያስቆሙ ያነጋግራሉ። ስንጠጋ ድምፃቸው ተሰማን። ያን ቀን ሻይ ሲቀዱልኝ የነበረው ቀስ ያለ ድምፅ አይደለም፤ ይጮኻሉ።

«ልጄ ነው። አልዳነም። ብቻውን ያወራል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴ ሰውነቱን አይጠብቅም። ጢሙ አድጓል፣ ይሸታል። ካገኛችሁት፣ እናትህ የምትፈልገው ያልዳነውን ነው በሉልኝ።»